የጭንቀት ሕመምን መለየትና ማከም፦ የቤተሰብ ድርሻ
በዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ምክንያት በጎንደር ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለእድር ተወካዮች የቀረበ ንግግር

ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፣ የእድር ሰብሳቢዎች፣ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፤

ሥራችሁን ትታችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት የማገለግል እንደ መሆኔ የጭንቀት ሕመምን በየዕለቱ አያለሁ፤ የሚያሳዝነኝ ግን አብዛኞቹ ታካሚዎች ወደ እኛ የሚደርሱት ለልብ፣ ለጨጓራና ለነርቭ ሲታከሙ ዓመታት ካለፋቸውና ጥሪታቸውን ከጨረሱ በኋላ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸው ሕመም ሲሆን፣ ሕክምና የሚያገኘው ግን ከአራት ታማሚዎች አንዱ ያህል ብቻ ነው።

መጨነቅ በራሱ በሽታ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና የቀረበበት ተማሪ ይጨነቃል፤ ልጇ ያመመባት እናት እንቅልፍ ታጣለች። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ያሳለፍነውን የሚያውቅ ሰውም መንገድ ሲዘጋ ወይም ተኩስ ሲሰማ መፍራትን ሕመም ነው ሊል አይችልም። ሕመም የምንለው ፍርሃቱ ከምክንያቱ በላይ ሲገዝፍ፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም አልለቅ ሲል፣ ለወራት ሲዘልቅና ሰውየውን ከሥራው፣ ከትምህርቱ ወይም ከወዳጅ ዘመዱ ሲለየው ነው። አንዳንዱ ከማለዳ እስከ ማታ ስለ ሁሉም ነገር ይጨነቃል፤ አንዳንዱ ሰው ፊት መናገርና መብላት ያስፈራዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሕዝብ የሚበዛበትን ቦታ ከመሸሹ የተነሣ ጥምቀተ ባሕር ከወረደ ዓመታት አልፈውታል።

ይህ ሕመም የሚታወቀው በአካል ላይ በሚያሳየው ምልክት ስለሆነ ጥቂት ልዘርዝረው። በዚህ ከተማ ታካሚዎች «ተጨነቅሁ» ብለው አይመጡም። «ልቤ ድው ድው ይላል»፣ «አየር ያጥረኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ሰውነቴን ይወረኛል» ይላሉ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በታክሲ የምትመላለስ አንዲት ነጋዴ እናስብ። አንድ ቀን በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ ሳለች ልቧ በድንገት ይመታል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ታላቅቃለች፣ የምትሞት ይመስላታልና «ወራጅ!» ብላ መንገድ ላይ ትወርዳለች። ሆስፒታል ሄዳ የልብ ምርመራ ታደርጋለች፤ ውጤቱ ደህና ነው፤ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። ለልቧ ይህ እውነት ነው፤ ለእሷ ግን አይደለም። እኛ ባለሙያዎች ይህን አነጋገር ብንተወውና «ልብሽ ደህና ነው፤ የያዘሽ ግን ስም ያለውና የሚታከም ሕመም ነው» ብንላት በጤና ተቋማት መካከል የምትንከራተትበትን ጊዜ ባሳጠርንላት ነበር።

በታክሲው ውስጥ የሆነው ይህ ነው። አእምሮ አደጋ የመጣ መስሎት ሰውነትን ለሽሽት ያዘጋጃል፤ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስም ያዞራል። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጫፍ ይደርስና ቀስ በቀስ ይበርዳል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ እመጣለሁ። ያቺ ሴት በማግስቱ «ታክሲ ላይ አልወጣም» ስትል ባሏ «ይቅርብሽ፣ እኔ እሄድልሻለሁ» ይላታል፤ እህቷ ገበያውን ትገበይላታለች፤ ልጇ ከደጅ እንዳትወጣ ይላላክላታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው፤ በቤተሰቦች ላይ የምሰነዝረው ወቀሳም የለም። ነገር ግን ከሚያስፈራ ነገር በሸሸን ቁጥር ለጊዜው እፎይ እንላለን፣ አእምሯችንም «የዳንሁት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል። ዛሬ ታክሲ ይቀራል፤ ቀጥሎ ገበያ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ በመጨረሻም የጎረቤት ቡና። ሕመሙን የሚመግበው ሽሽቱ ነው፤ ቤተሰቡም በርኅራኄ ተነሣስቶ ሳያውቀው ሽሽቱን ያግዛል።

ስለዚህ የንግግር ሕክምናው ዋና ሥራ የሸሹትን በጥቂት በጥቂቱ መልሶ መጋፈጥ ነው። መጀመሪያ ከእህቷ ጋር በቆመ ታክሲ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ቀጥሎ አንድ ፌርማታ ብቻ አብረው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሙሉውን መንገድ፤ ከዚያ እህቷ ከኋላ ባለው ታክሲ ትከተላታለች፤ በመጨረሻ ብቻዋን ትሄዳለች። በእያንዳንዱ ደረጃ ፍርሃቱ ጋብ እስኪል ሳትወርድ ትቆያለች፤ ትንፋሿን በዝግታ ታስወጣለች። ማንም በግድ አይገፋትም፤ ደረጃዎቹን የምታወጣው እሷ ራሷ ከባለሙያ ጋር ሆና ነው። ከቤተሰብ የሚጠበቀው «ይቅርብሽ» ማለትን ትቶ «አብሬሽ ልሂድ» ማለት፣ ከዚያም አብሮ መሄዱን ቀስ እያሉ መቀነስ ነው። መምህራንም ይህን እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዱን የሚያመውና እሑድ የሚሻለው ተማሪ አስመሳይ ላይሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤት በቀረ ቁጥርም መመለሱ ይከብደዋል።

መድኃኒትም አለ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት ሱስ አያስይዙም፤ ለውጣቸው የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ጥቂት ሊያብሱትም ይችላሉ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው በዚህ ወቅት ስለሆነ ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከተሻለም በኋላ ለወራት ይወሰዳል፣ የሚቆመውም በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ ነው። ዲያዜፓም ግን ሌላ ነው፤ ወዲያው ስለሚያረጋጋ ይወደዳል፣ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ሲወሰድ ግን ጥገኛ ያደርጋል። ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ለዘመድ አትስጡ። አረቄም እንዲሁ ነው፤ ማታ ያረጋጋል፣ ጠዋት ጭንቀቱን ይመልሰዋል። ጫትና ብዙ ቡናም የልብ ምትን ያባብሳሉ።

ጸበል የሚሄድ ታካሚ መድኃኒቱን እንዲተው መገደድ የለበትም፤ ጸበሉንም እንዲተው እኛ አንጠይቀውም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሰዓቱን ከጾም፣ ከረመዳን ጾምም ጋር ማስማማት ይቻላል። እዚህ ያላችሁ አባቶች «መድኃኒትህን እየወሰድህ ጸልይ» ብትሉ፣ ከእኔ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይልቅ የእናንተ አንድ ቃል ይሰማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ደረትን የሚያፍን ሕመም ሁሉ ጭንቀት አይደለም። በተለይ ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ሲራመድ ወይም ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚይዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። እንቅርት ያለባት፣ የምትከሳና ሙቀት የማትችል ሴትም ልቧን የሚያስመታው ሆርሞን ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ሌላው ግን ከቅርብ ጤና ጣቢያ ሊጀምር ይችላል። በ1954 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን የጀመረው ሕክምና ከትልቅ ሆስፒታል ውጭም እንዲገኝ ነበር፤ ለጭንቀት ሕመምም ይኸው መንገድ ይሠራል። ባለሙያው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ሰባት ጥያቄዎች ያሉበትን መጠይቅ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ ከ21 ነጥብ 10ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረግለታል። ስትመጡ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒት ጭምር፣ ይዛችሁ ኑ፤ የቀድሞ የምርመራ ወረቀቶችንም አትርሱ፤ ከቻላችሁ አንድ የቤተሰብ ሰው አብሯችሁ ይምጣ።

ጥያቄዎቻችሁን አሁን እቀበላለሁ። በሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁንም ከስብሰባው በኋላ በግል ላነጋግራችሁ እዚሁ እቆያለሁ።