የሌሊት ፈረቃና የማዕድን ሠራተኛ ኩላሊት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ (ከሻኪሶ የደወሉ አድማጭ) በወርቅ ማዕድን ሥራ 6 ዓመት በሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ቀን ከ4 ሰዓት በላይ አልተኛም፤ ሽንቴ ይጠቁራል፤ ለወገቤ ሕመም ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። እንቅልፍ ማጣት ኩላሊቴን ጎድቶት ይሆን?

መልስ፦ ኩላሊት የራሱ የቀንና የሌሊት ሥርዓት አለው። ቀን ደሙን በብዛት ያጣራል፤ ሌሊት ሥራውን ቀነስ ስለሚያደርግ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለሽንት ሳይነሣ ያድራል። በእንቅልፍ ጊዜ የደም ግፊትም ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። እንቅልፉ ሲያጥርና ሲቆራረጥ ይህ ፋታ ስለሚጓደል፣ የፈረቃ ሠራተኞች ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ኩላሊትን ከሚያደክሙት ሕመሞች ደግሞ ግንባር ቀደሞቹ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ይሁን እንጂ የእርስዎን ችግር ሁሉ በእንቅልፍ ላይ መጫን አልፈልግም። ከፈረቃ ሲወጡ ሽንትዎ እንደ ሻይ የሚጠቁር ከሆነ በቅድሚያ የምጠረጥረው የሰውነት ውኃ ማነስን ነው፤ ውኃ ጠጥተውም ካልነጣ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በሙቀት ውስጥ ሲሠሩ ጥማት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁሉ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ። ይበልጥ ያሳሰበኝ ዳይክሎፌናኩ ነው፤ ሰውነት ውኃ አጥሮት ሳለ ይህ መድኃኒት ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳልና ሐኪም ሳያማክሩ አዘውትረው አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ጫት እቅማለሁ፤ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጠዋት ሊተኙት ያሰቡትን እንቅልፍም ይነሣዎታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ያወጣል፤ ወርቁን በሜርኩሪ ይለያል። ምን ይመርመር?

መልስ፦ ሜርኩሪው በእሳት ሲተን የሚወጣው ጭስ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይስበዋል፤ ኩላሊትንም ነርቭንም ይጎዳል። ቤት ውስጥ፣ በተለይም ልጆች ባሉበት፣ ፈጽሞ አያንድደው። ብዙ ሰው ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ቆሻሻ) ብቻ ተመርምሮ «ደህና ነህ» ሲባል ይረካል፤ ነገር ግን ክሪያቲኒን የኩላሊቱ አቅም በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ልክ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የሽንት ፕሮቲንም ይታይለት፤ ለሐኪሙም ከሜርኩሪ ጋር እንደሚሠራ ሳይደብቅ ይንገር። የደም ግፊቱን ደግሞ ከሥራ እንደወጣ ሳይሆን እንቅልፍ ጠግቦና አረፍ ብሎ ይለካ።