እንግዳ ሆኖ መክረም፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ። ሐበሻ የፊት ወንበር እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ማንም ተነሥታችሁ ተናገሩ አይላችሁም።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት አንድ ጉዳይ አለ። ከግብፅ አርቲስቶች ጋር ለምናደርገው ልውውጥ ያስቀመጥናት ገንዘብ፣ እንደምታውቁት፣ ትንሽ ናት። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ትልቅ ትርኢት እናዘጋጅና ካይሮ ወስደን ሦስት ቀን እናሳይ ይላል። ሁለተኛው ሁለት ሰው እንላክ፣ ሁለት ወር እዚያ ይክረሙ፤ ከዚያ ሁለት ግብፃውያን መጥተው ዋሽንግተን እኛ ጋ ይክረሙ ይላል። ሊቀ መንበር ገለልተኛ ነው ይባላል። እኔ አይደለሁም። ለምን እንዳልሆንኩ ልንገራችሁ።

በአሜሪካና በግብፅ አርቲስቶች መካከል እኛ ኢትዮጵያውያን ምን ቤት ነን የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ የምንሄደው በአሜሪካ ፓስፖርት ነው። ሁለተኛው ምክንያት አንድ የሙዚቃ ሰው ነው፤ ሐሊም ኤል ዳብ ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በ1921 ካይሮ ተወለደ። የተማረው እርሻ ነበር። በ1944 ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ በሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀረጸ። አዎ፣ ያው እኛ የምናውቀው ዛር። ስሙም አልተለወጠ። ብዙ አጥኚዎች መነሻውን ወደ እኛ አገር ይወስዱታል። ኤል ዳብ የቀረጸውን ይዞ ማሚቶውን እየጨመረ፣ ከድምፁ አንዱን እየቀነሰ፣ ሌላ ነገር አደረገውና ካይሮ ውስጥ በአንድ የሥዕል ማሳያ አሰማው። ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፈር በተቀረጸ ድምፅ ሙዚቃ ከመሥራቱ አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ሥዕል ሊያይ የመጣ ሰው አዳራሽ የሞላ ድምፅ ጠበቀው። ያኔ ስም አልነበረውም፤ ዛሬ ኢንስታሌሽን እንለዋለን።

በ1950 ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ መጣ። በ1958 ለአሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ለማርታ ግራሃም ቡድን የአንድ ትልቅ ሥራ ሙዚቃ ጻፈ። ጊዛ ፒራሚዶች ሥር ማታ ማታ የሚቀርበው የድምፅና የብርሃን ትርኢትም ሙዚቃው የእሱ ነው። ከእናንተ መካከል ያየው አለ። የማን እንደሆነ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን?

ከ1962 እስከ 1964 ደግሞ አዲስ አበባ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውን ከየቦታው ሰብስቦ አንድ መድረክ ላይ አስቀመጣቸው። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስለናል። ያኔ በገናና እምቢልታ አንድ ላይ ምን ያገናኛቸዋል ያለ ሰው እንደነበረ መገመት አያቅትም። ከእሱ በኋላ የመራው ጆን ኮ የሚባል የፒስ ኮር፣ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ ነው። ከዚያ ተስፋዬ ለማ ተረከበው። ተስፋዬን ብዙዎቻችሁ እዚሁ ዋሽንግተን ታውቁታላችሁ፤ ነፍሱን ይማር።

አያችሁ፣ ግብፃዊ ነው፣ አሜሪካዊ ነው፣ የሠራው የእኛን ነው። ለሦስት ቀን መጥቶ አሳይቶ ቢመለስ ኖሮ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

የሦስት ቀን ጉዞ ምን እንደሚመስል እኔ በራሴ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ጀበና ይዤ ካይሮ ሄድኩ። አርባ ጀበና። በክር ይንጠለጠላሉ፣ ሥራው እሱ ነው። ጀበናዎቹ በሌላ አውሮፕላን በካርጎ ሄዱ። እኔ ደረስኩ፣ እነሱ የሉም። ያጓጓዘው ድርጅት ነገ ይላል። ነገ ሲደርስ ወረቀት ጎደለ ይላል። የወጡት የመመለሻዬ ዋዜማ ማታ ነው። ስንከፍታቸው አሥራ አንዱ ብቻ ጆሯቸው አልተሰበረም።

በእነዚያ ቀናት ሥራ ስላልነበረኝ ከማሳያው አጠገብ አንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ከረምኩ። ሰውየው እንግሊዝኛ አይችልም፣ እኔ አረብኛ ከሰላምታ አያልፍም። በሦስተኛው ቀን ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ሰጠኝና አብረን ጀበና የሚመስል ነገር ቀጠቀጥን። አፍንጫው ጠማማ ነው። እስካሁን ሳሎኔ አለ። ከዚያ ጉዞ የተረፈኝ ሥራ እሱ ነው። ሁለት ወር ቢኖረኝ ብዬ የማላስብበት ጊዜ የለም።

ካይሮ ላይ ዕቃው በሰዓቱ ያልደረሰለት እኔ ብቻ አይደለሁም። በታኅሣሥ 1971 አሜሪካዊው ሳን ራ ባንዱን ይዞ ካይሮ ገባ። ያ በወርቃማ ካባ እየተጀነነ ከሌላ ፕላኔት መጣሁ የሚለው የጃዝ ሰው። ሙዚቃው፣ ልብሱ፣ ጭፈራው፣ ሰልፉ ተደባልቆ አንድ ትርኢት ነው። መሣሪያቸው ጉምሩክ ተያዘ። ያዋሳቸው ሳላህ ራጋብ ነው። ራጋብ ማን ነበር? የግብፅ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ።

እዚህ ላይ ቀኑን ልብ በሉልኝ። ግብፅና አሜሪካ በ1967 ግንኙነታቸውን አቋርጠዋል። የታረቁት በ1974 ነው። በመካከል፣ መንግሥታቱ በማይነጋገሩበት ሰዓት፣ አንድ የግብፅ መኮንን ለአሜሪካውያን መሣሪያ ያውሳል። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሳን ራና ራጋብ አብረው ቀረጹ። ስለ ግድቡ ዛሬ አላወራም፤ ከጀመርን ምሳ ይቀርብናል። ግን "አሁን ከግብፆች ጋር እንዴት ይሆናል?" ብላችሁ በስልክ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ካይሮ መሐል ከተማ ታውንሃውስ የሚባል ማሳያ በ1998 ተከፈተ። ዙሪያው መካኒክ ቤት ነበር። መካኒኮቹ ከሥራ ሲወጡ በዘይት እጃቸው ጎራ ብለው ያዩ ነበር። ከውጭ የሚመጣ አርቲስት እዚያ ሰፈር ይሰነብት፣ ጎረቤቱን ያውቅ ነበር። በ2015 መጨረሻ ባለሥልጣናት ፈትሸው ዘጉት። በ2016 የሕንፃው ከፊል ፈረሰ። አሮጌው ካይሮ፣ ፉስጣጥ አካባቢ አርቲስቱ ሞአታዝ ናስር ያቋቋመው ዳርብ 1718 የሚባል የጥበብ ማዕከል ደግሞ በጥር 2024 ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ወዲህ የመጡትስ? አርቲስቱ ዋኤል ሻውኪ እስክንድርያ የተወለደ ነው። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ2000 ጨረሰ። በኋላ የመስቀል ጦርነትን ከዓረቦች ወገን ሆኖ በአሻንጉሊት ተረከ። ፈረሰኛውም ንጉሡም በገመድ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው፤ የሚናገሩት በጥንታዊው ዓረብኛ ነው። በ2015 ኒውዮርክ፣ ሞማ ፒኤስ ዋን በሚባለው የዘመናዊ ጥበብ ማሳያ አሳየው። እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላው ነው። በ2010 እስክንድርያ ላይ ለወጣት አርቲስቶች የመማሪያ ስቱዲዮ ከፈተ። ውጭ የተማረውን ተሸክሞ አገሩ መለሰ።

ትልልቅ ትርኢት አልወድም ማለቴ አይደለም። ከ2021 ጀምሮ ጊዛ ፒራሚዶች ፊት ዘመናዊ ሥራዎች ይተከላሉ። ፎቶው ያምራል፤ አንዳንዱ ከፎቶው አያልፍም። ግን በመጀመሪያው ዓመት ሉክሶር ተወልዳ ሎስ አንጀለስ የምትሠራው ሸሪን ጊርጊስ ያቆመችው ከጥንታዊው ጸናጽል የተነሣ ቅርጽ ነበር። ጸናጽል! የግብፅ ካህናት ሴቶች ይዘውት የነበረው፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እስከ ዛሬ በማኅሌት የሚጸነጸለው። ያንን ስመለከት ቦታው ላይ የጎደለ ሰው አለ አልኩ። ይዞ የሚወርብ አንድ ደብተራ።

ስለዚህ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ብዙ ጭነት አያስፈልገንም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሻንጣ። ካይሮ ውስጥ ማካን የሚባል ትንሽ የባህል ማዕከል አለ። ማዛሄር የተባለው ቡድን እዚያ ዛር ይጫወታል፤ መሪዎቹ ሴቶች ናቸው። አንዱ ተጫዋች የፍየል ሰኮና የተሰፋበት መታጠቂያ ወገቡ ላይ አስሮ ያንቀጫቅጨዋል። ጣንቡራ የሚሉት ባለ ስድስት ክር መሣሪያም አላቸው፤ የክራር ዘመድ ነው። የምንልከው ሰው መጀመሪያ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጥና ይስማ። ከዚያ በኋላ የሚሠራውን እሱ ያውቃል። ሪፖርት በየሳምንቱ የሚለውን አንቀጽ እንድትሰርዙትም እለምናለሁ።

ወደዚህ ለሚመጡት ሆቴል የምንከፍልበት አቅም የለንም። ምግቡ አያስጨንቀኝም። ኮፕት ክርስቲያን ከሆኑ ጾሙን እኛው እንጋራቸዋለን፤ ሙስሊም ከሆኑ ሐላል ሥጋ ቤት የሌለበት ሰፈር የለም። የቸገረን አልጋ ነው። ምድር ቤታችሁ ባዶ የሆነ፣ ልጆቻችሁ ኮሌጅ ገብተው ክፍላቸው የተዘጋ፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ስማችሁን ጻፉልኝ። መዝገቡ ከቡናው አጠገብ ነው። የእኔ ስም አንደኛ መስመር ላይ አለ።