«አዎ፣ የለብኝም» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የእንግሊዝኛ ጥያቄና መልስ ሰዓታችን ስልኩ አላረፈም። ጊዜ አጥሮኝ በጥድፊያ የመለስኩት አለ። መስመር ላይ እየጠበቃችሁ ሰዓቱ ያለቀባችሁም አላችሁ። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስላችሁ። እንግሊዝኛውን እንደሚሰማው አድርጌ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ይበልጥ ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የደወለች እህት። «ሐኪም ቤት ነርሷ ‹ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?› አለችኝ። የማይስማማኝ መድኃኒት የለም ለማለት ‹የስ› አልኩ። እሷ ግን ‹የትኛው ነው?› ብላ ልትጽፍ ብዕር አነሳች። ምኑን ተሳሳትኩ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አነጋገርሽ ላይ ችግር የለም። በአማርኛ አስበሽ ነው የመለስሽው። በአማርኛ ደግሞ መልስሽ ልክ ነው። «አልበላህም?» ሲሉን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። ያቺ «አዎ» የምትሄደው ለጠያቂው ነው። «ልክ ነህ፣ እንዳልከው ነው» ማለታችን ነው። ጃፓኖችና ኮሪያዎችም እንደኛው ይመልሳሉ።

እንግሊዝኛ ግን ጠያቂው እንዴት አድርጎ እንደጠየቀ ግድ የለውም። የሚያየው ነገሩን ራሱን ነው። ነገሩ ካለ «የስ»፣ ከሌለ «ኖ» ነው። በልተሽ ከሆነ «ዲድ ዩ ኢት?» ቢሉሽም፣ «ዲድንት ዩ ኢት?» ቢሉሽም መልስሽ «የስ፣ አይ ዲድ» ነው። ካልበላሽ ለሁለቱም «ኖ፣ አይ ዲድንት» ትያለሽ። «የስ» ከአዎንታ ግስ ጋር፣ «ኖ» ከአሉታ ግስ ጋር ብቻ ነው የሚቀመጡት። «የስ፣ አይ ዲድንት» ብትዪ ሰሚው የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል።

አንድ ልማድ ልምከርሽ። ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት ወይም ኢሚግሬሽን ቢሮ ስትሆኚ «የስ» ወይም «ኖ» ብለሽ ዝም አትበዪ። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት። «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ» በዪ። የመጀመሪያዋ ቃል ብታመልጥሽ እንኳ ቀሪው ያስተካክልልሻል። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የመድኃኒት ነገር ሲሆን አስተርጓሚ ከመጠየቅ ወደኋላ አትበዪ። ጥቂት እንግሊዝኛ ብትችዪም እንኳ መብትሽ ነው።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ወጥመድም አለ። አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ሲል ብዙዎቻችን «የስ፣ የስ!» ብለን ቦታ እንለቃለን። ሰውዬው የጠየቀው ግን «ቅር ይልሃል?» ብሎ ነው። «የስ» ካልከው «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ነው የሚሰማው። «ኖት አት ኦል» በሉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ወንድም። «አለቃዬ የውጭ ሰው ናቸው። ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ‹ኢዝንት ኢት?› እላለሁ። ልክ አይደለም አሉኝ።»

መልስ፦ የኛ «አይደል?» ለሁሉም ትሆናለች። «መጣህ አይደል?»፣ «መንዳት ትችላለች አይደል?» እንላለን። እንግሊዝኛ ላይ ግን ጭራዋ በፊት ያለውን ግስ ትከተላለች። «ዩ ኬም የስተርደይ፣ ዲድንት ዩ?»፣ «ሺ ካን ድራይቭ፣ ካንት ሺ?» ነው የሚባለው። በወሬ መሐል ይህን ሁሉ ማሰብ ከከበደህ «ራይት?» በል። እሷ እንደ «አይደል» ሁሉም ቦታ ትገባለች።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። «አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን በቀይ አጥለቀለቁት። ብዙው ቦታ ላይ ‹ዳንግሊንግ› ብለው ጽፈዋል። ሌላው ቦታ ‹ቱ ሎንግ› ይላል። ሰዋስዉ ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።»

መልስ፦ ጎበዝ መሆንህን አልጠራጠርም። ይህ ጥያቄ ግን ከደረሱኝ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሠኝ።

«ወደ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ውሻ ነከሰኝ» የሚለውን ውሰድ። «እየሄድኩ» የምትለዋን ቃል ተመልከት። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኩ» ሂያጁ እኔ መሆኔን ትናገራለች። «እየሄደ» ብል እሱ ነው፣ «እየሄደች» ብል እሷ ናት። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ማንንም አያሳስትም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛ እንውሰደው። «ዎኪንግ ቱ ስኩል፣ ኤ ዶግ ቢት ሚ።» ቃል በቃል ልክ ይመስላል። ችግሩ «ዎኪንግ» ጀርባዋ ላይ ማንንም አላዘለችም። ማን እንደሚሄድ አትናገርም። አንባቢው ታዲያ ቀጥሎ ያገኘውን ስም ይይዛል። ያ ስም ውሻው ነው። ውሻው ትምህርት ቤት እየሄደ ሳለ ነከሰህ ማለት ሆነ። አማካሪህ «ዳንግሊንግ» ያሉት ይህንን ነው። ቃሉ «የተንጠለጠለ» ማለት ነው። ባለቤት አጥቶ አየር ላይ ቀርቷል።

ማቃኛው ሁለት ነው። አንደኛው ባለቤቱን በግልጽ ማስገባት ነው፤ «ዋይል አይ ወዝ ዎኪንግ ቱ ስኩል፣ ኤ ዶግ ቢት ሚ።» ሁለተኛው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ትክክለኛውን ባለቤት ማምጣት ነው፤ «ዎኪንግ ቱ ስኩል፣ አይ ወዝ ቢትን ባይ ኤ ዶግ።» ለመመረቂያ ጽሑፍ የመጀመሪያውን እመርጥልሃለሁ። ለስህተት ቦታ አይተውም።

«ቱ ሎንግ» ያሉትም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። እኛ «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ደብዳቤውን ጻፈ» ማለት እንችላለን። ያምራልም። ማሰሪያ አንቀጻችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው እስከዚያ መጠበቅን ለምዷል። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ማሰሪያውን የሚፈልገው ገና ከባለቤቱ አጠገብ ነው። ካጣው ይደክማል። ስለዚህ ጽሑፍህን ስታርም እንዲህ አድርግ። በየዓረፍተ ነገሩ ባለቤቱን አስምርበት። ከዚያ ማሰሪያ አንቀጹን ፈልገህ አስምርበት። በሁለቱ መሐል ሁለት መስመር ሙሉ ቃል ከተኮለኮለ ቁረጠው። ከአንድ ረጅም ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይወጡልሃል። ይህ የእውቀት ማነስ ምልክት አይደለም። አገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ግን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሰሌዳ ይገለብጣል እንጂ የራሱን ሐሳብ አይጽፍም። አንተ አሁን ገና እየጻፍክ ነው። ቀዩ ቀለም አያስደንግጥህ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። «‹ኦልዞ ኢት ወዝ ሬይኒንግ፣ በት ዊ ፕሌይድ› ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ‹በት› የምትለዋን ሰረዙብኝ። ለምን?»

መልስ፦ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ተጫወትን ግን...» እያልን ስለለመድን ነው። አማርኛ ተቃርኖውን ሁለት ጊዜ ቢናገር አይከፋውም። እንግሊዝኛ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። ወይ «ኦልዞ» (ምንም እንኳ) ወይ «በት» (ግን)። በ«ቢኮዝ» የጀመርሽው ላይም «ሶ» አትጨምሪ።

ጥያቄ፦ ብዙዎች በአጭር መልእክት የላኩት ስለሆነ አንድ ላይ አደረግኩት። «አይ አም አግሪ»፣ «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብለም»፣ «ሂ ካን ኤብል ቱ ስፒክ»፣ «ቦሮው ሚ 500 ብር»፣ «ጊቭ ሚ ሰም አድቫይስስ»። የትኛው ትክክል ነው?

መልስ፦ አንዱም። ግን ሁሉም በየጊዜው ይሰማሉ።

«አግሪ» ራሷ ግስ ናት፣ «እስማማለሁ» ማለት ናት። «አም» አያስፈልጋትም፤ «አይ አግሪ» በቂ ነው። «ዲስከስ» ውስጥ «ስለ» ቀድሞ ገብቷል፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብለም» በሉ። «ካን» እና «ኤብል» አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ አንዱን ምረጡ። «ሂ ካን ስፒክ» ወይም «ሂ ኢዝ ኤብል ቱ ስፒክ»። «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኢክዊፕመንት» አይበዙም። አማርኛችን «ምክሮች»፣ «መረጃዎች» ስለሚል ነው የምናበዛቸው።

«ቦሮው» ላይ ግን ልቁም። «አበደረ» እና «ተበደረ» ከአንድ ሥር ይወጣሉ። ፊት ላይ ያለው ፊደል ብቻ ነው የሚለያቸው። «አስተማረ» እና «ተማረ» እንደዚያው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት የማይመሳሰሉ ቃላት አሉት። የሚሰጠው «ሌንድ» ያደርጋል፣ የሚቀበለው «ቦሮው» ያደርጋል። «ካን ዩ ሌንድ ሚ 500 ብር?» ወይም «ካን አይ ቦሮው 500 ብር?» በሉ። «ሂ ለርንድ ሚ ኢንግሊሽ» ሳይሆን «ሂ ቶት ሚ ኢንግሊሽ» ነው። የሚገርመው «አከራየ» እና «ተከራየ» ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። እኛ እንለያቸዋለን፣ እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም «ሬንት» ይላል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ፣ ሥራ ፈላጊ። «ሲቪዬን አንድ የውጭ ድርጅት አየና ‹ከተመረቅክ ብዙ ዓመት ሆኖሃል፣ እስካሁን የት ነበርክ?› አለኝ። እኔ የተመረቅኩት በ2010 ነው። ሰዋስዉን አሳርሜ ነበር የላክሁት።»

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ዓመቱ ነው የበደለህ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በፈረንጆቹ በ2018 ነው የተመረቀው። አንባቢው ግን 2010 ሲያይ የራሱን 2010 ነው የሚያነበው። ስምንት ዓመት ጨመረብህ። ብዙዎቻችን ከዓመቱ አጠገብ «ኢ.ሲ.» ወይም «ጂ.ሲ.» እንጽፋለን። እነዚህ አጽሕሮቶች ግን እኛ አገር ብቻ ነው የሚታወቁት፤ ውጭ ያለ ሰው ምን እንደሆኑ አያውቅም። ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጠህ ቁጥሩን ብቻ ጻፍ። ቃለ መጠይቅ ስትቀጠርም ተጠንቀቅ። «ናይን ኦክሎክ» ካሉህ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። «ስሪ ኦክሎክ» ካሉህ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር። «እኛ ያስተማርነው ‹ሂ› እና ‹ሺ› ነው። አሁን ለአንድ ሰው ‹ዘይ› ይላሉ። ብዙ ቁጥር ለአንድ ሰው? ይህ ቋንቋውን ማበላሸት አይደለም?»

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ የሰዋስው ፍቅርዎን ያሳያል። በትህትና ልመልስ። እርስዎ ሲገቡ ተማሪዎችዎ «መምህር መጡ» ይላሉ። «መጡ» የብዙ ቁጥር ግስ ነው። ሰዎቹ መጡ፣ መምህር መጡ። እርስዎ ግን አንድ ሰው ነዎት። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለአክብሮት ብለን ብዙ ቁጥሩን ለአንድ ሰው ከሰጠን ቆይተናል። ማንም ቋንቋው ተበላሸ አላለንም።

እንግሊዝኛው ላይም አዲስ ነገር አይደለም። ጾታው ላልታወቀ አንድ ሰው «ዘይ» ማለት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ዛሬ ለአንድ ሰው የምንለው «ዩ» ራሱ ድሮ የብዙ ቁጥር ነበር። ለአንድ ሰው «ዛው» ነበር የሚባለው። «ዩ» በአክብሮት በኩል ገብቶ ቦታውን ወሰደ። ልክ እንደ «እርስዎ» ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2019 ሜሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላት «ዘይ»ን የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ለጥናት ጽሑፎች ፈቅዶታል። ግሱ ግን እንደ አማርኛው ብዙ ሆኖ ይቀራል። «ዘይ አር» እንጂ «ዘይ ኢዝ» አይባልም። ለፈተና የሚያዘጋጁት ተማሪ ካለዎትና አራሚው እንዳይቀንስበት ከሰጉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከሥሩ ብዙ ቁጥር ያድርጉት። «ስቱደንትስ መስት ብሪንግ ዘይር ቡክስ» ቢል ማንም አይከራከረውም።

ዓረፍተ ነገር እንደ «ቱ» ባለ መስተዋድድ አያልቅም የሚለውንም ጠይቀው ነበር። ድራይደን የተባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ በፈረንጆቹ 1672 ቤን ጆንሰን የተባለውን ጸሐፊ በዚህ ነቅፎታል። ዛሬ «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎችዎን በዚህ አይቅጧቸው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ፣ ሰው ቤት የምትሠራ እህት። «እመቤቷ ሲጠሩኝ ‹አይ ኬም፣ አይ ኬም!› እላለሁ። ‹የት ነው የመጣሽው?› ይሉኛል። ይበሳጫሉ።»

መልስ፦ የኔ እህት፣ «መጣሁ!» ማለትሽ ነው። እኛ ገና ሳንነሳ «መጣሁ» እንላለን። ከበሩ ሳንወጣ «ሄድኩ፣ ደህና እደሩ» እንላለን። ላደርገው ነው የምንለውን ነገር እንደተደረገ አድርገን እንናገራለን። እንግሊዝኛ ይህን አያውቅም። «አይ ኬም» ሲሉት የሚያስበው ያለቀ ነገር ነው። ትናንት የመጣሽ ይመስለዋል።

ሲጠሩሽ «አይም ካሚንግ» በዪ። ወጣ ብለሽ የምትመለሺ ከሆነ ደግሞ «አይል ቢ ራይት ባክ» በዪ። ሁለቱን አታቀላቅዪ፤ እየወጣሽ «አይም ካሚንግ» ብትዪ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ነው። ዛሬ ሥራ ስትጨርሺ ሁለቱንም አስር አስር ጊዜ ጮክ ብለሽ በያቸው። ነገ ሲጠሩሽ አፍሽ ቀድሞ ያገኘዋል።