ዱቤውን የት ልለጥፈው?

ማራገቢያውን አጥፍቼዋለሁ። ባለፈው "ድምፅሽ አይሰማም" ስላላችሁኝ ዛሬ በላብ ነው የማወራው። የድሬን ሙቀት መቼም ታውቁታላችሁ።

የዚያ ሱቅ ነገር ከሐሳቤ አልወጣልኝም። ልጆች የማስተምርበት ክፍል ውስጥ የሠራሁት የመጫወቻ ሱቅ፣ ካርቶን ሳጠራቅምለት የከረምኩት። "ሱቅ ድሮና ዘንድሮ" ነበር ትምህርቱ። ግድግዳው ላይ መሐል መስመር አሰመርኩ። ድሮ በኩል አሞሌ ጨው፣ ጠገራ ብር፣ ሚዛን ከነድንጋዩ። ዘንድሮ በኩል የታሸገ ስኳር፣ ቴሌብር። ቴሌብር እንኳ በ2013 ነው የጀመረው፣ የእነሱ እኩያ ነው። ለ5 ዓመት ልጅ ድሮ ማለት ትናንት ስለሆነ ከባቡሩ ጀመርኩላቸው። በ1895 ባቡሩ እዚህ ደረሰ፣ ከጅቡቲ ዕቃ መጣ፣ ነጋዴውም ተከተለ። ሕንዱ፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ። ልጆቹ ተቀጣጥለው እንደ ባቡር ክፍሉን ዞሩት። ደስ ሲሉ!

ከዚያ የዱቤ ደብተሩን አወጣሁ። "ድሮ ሰው ገንዘብ ሲያጣ ባለሱቁ እዚህ ላይ ይጽፍለት ነበር" አልኩና ድሮ በኩል ለጠፍኩት።

አንዷ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እኛ እኮ ትናንት አስጽፈናል። ዘይት። እማዬ 'ጻፍልን በለው' ብላ ልካኝ።"

ማንም አልሳቀም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ደብተሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን። "ጎበዝ" አልኳትና ወደ ቴሌብሩ አለፍኩ። አለፍኩ! ሁሌ እዚያ ላይ ነው የምመለሰው። "ነይ፣ አብረን ወደዚህ እናዙረው" ብላት ምን ነበረበት? ወረቀት ነቅሎ መለጠፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

እስቲ ቀፊራ ገበያ ሂዱ። ቲማቲም በመደብ የምትሸጥ ሴት አለች። ምርቃት ትጨምራለች፣ የቴሌብር ቁጥሯንም በካርቶን ጽፋ አቁማለች። እሷ በየትኛው በኩል ትለጠፍ? መስመሩ ራሱ ነው ጥፋቱ መሰለኝ። ግን ትንሽ ልጅ ያለ መስመር ግራ ይገባዋል... እንጃ።

ምርቃት ስል፣ መጋላ ሰፈር ያለው ዓረብ ቤት፣ የልጅነቴ ሱቅ፣ ትዝ አለኝ። ስኳር በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከረሜላ ጣል ያደርግልኝ ነበር። ቅርንፉድ፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። እሱም ደብተር ነበረው። የአባቴ ስም እዚያ ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤት ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፣ አፍር ነበር። ልጅቷ እኮ አላፈረችም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ።

ሰኞ ደብተሩን ነቅዬ መስመሩ ላይ ልለጥፈው አስቤያለሁ፣ ልክ መሐል ላይ። ግን እያየች ይሁን፣ ወይስ በጠዋት ሳይገቡ? እያየች ከሆነ ሁሉም ወደ እሷ ይዞራሉ። ሳይገቡ ካደረግኩት ደግሞ ልብ ላትለው ትችላለች፣ እና...