አንድ ዘንግ ይበቃል፦ በፖሂክ ቤይ ለዓሣ አጥማጅ ጓደኞቼ ያደረግሁት ንግግር

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከዉድብሪጅ እዚህ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመጣችሁት ደግሞ እጥፍ ምስጋና። ቡናው እየተቆላ ነው፣ ሽታው እኔ ጋ ደርሷል። ቢሆንም ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለና እሱን ሳልናገር ቁጭ አልልም።

የተሰጠኝ ርዕስ «ባስ ለማጥመድ ምን ዕቃ እንግዛ፣ እንዴትስ እናጥምድ» የሚል ነው። ባስ እዚህ አገር ሐይቅና ወንዝ ውስጥ ያለ፣ ሌላ ዓሣ እያደነ የሚበላ ዓሣ ነው። ዘንድሮ ለተቀላቀላችሁን አዲሶች ተብሎ ነው የተመረጠው። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ባለፈው መስከረም የሆነውን ላንሳ።

ነባሮቹ ታስታውሳላችሁ። አሜሪካ ከገባ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ መጥቶ ነበር። የያዘው ዘንግ፣ ሰው ደጃፉ ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ አይቶ በ12 ዶላር የገዛው ነው። እጀታው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ገና ክሩን ሳይወረውር ከመካከላችን አንዱ «ይኼ ዘንግ ነው ወይስ የመጥረጊያ እንጨት?» አለው። ሳቅ ሆነ። ሌላው ፎቶ አንስቶ ቴሌግራማችን ላይ ለጠፈው፣ እዚያም ሳቅ ሆነ። ልጁ ራሱ አብሮ ሳቀ፣ ሰው ሲያፍር እንደሚስቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። እኔ አልሳቅሁም፣ ግን አንድ ቃልም አልተነፈስኩም። ዊንተሩን ሙሉ ሲያቃጥለኝ የከረመው ያ ዝምታዬ ነው።

ለመሆኑ እኛ መቼ ነው እንዲህ የሆንነው? ስንጀምር ስድስት ሰው ነበርን፣ የነበረን ዘንግ ሁለት። ተራ ይዘን ነበር የምንወረውረው፣ አንዱ ሲወረውር ሌላው ቆሎ እየዘገነ ይጠብቃል። ዛሬ የአንዳንዶቻችን መኪና ኋላው ሲከፈት ሱቅ ይመስላል። በገንዘባችሁ የፈለጋችሁትን ግዙ፣ እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ግን ሰውን በዘንጉ ዋጋ የምንመዝን ከሆነ ይኼ የወንድማማች ስብስብ መሆኑ ቀርቷል። ይኼን ስል የሚቆጣ ካለ ይቆጣ!

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጁን 2 ቀን 1932፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ጆርጅ ፔሪ የሚባል የ20 ዓመት ገበሬ ከጓደኛው ጋር ሞንትጎመሪ ሐይቅ ወረደ። ለሁለቱ የነበራቸው አንድ ዘንግና አንድ ማባበያ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ያን ቀን ፔሪ ያወጣው ባስ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ መዘነ፣ ከ10 ኪሎ በላይ ማለት ነው። አሜሪካ ራሷ የተቸገረችበት ዘመን ስለነበር ዓሣውን ቤት ወስደው በሉት። ያ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ ያወጣው ባስ እኩል ተብሎ ተመዘገበለት፣ ያውም ከ77 ዓመት በኋላ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ዓይነት ዘንግ ተሠራ? ስንት ጀልባ፣ የውሃ ውስጥ ዓሣ የሚያሳይ ስንት ስክሪን? ዘንግ ተጋርቶ ያጠመደውን ገበሬ ግን በግልጽ የበለጠው የለም።

የራሴንም ልናገር። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከማታ ሥራ ወጥቼ በቀጥታ አንድ ትልቅ የዓሣ ዕቃ መደብር ገባሁ። ሻጩ ምን ዓሣ እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ «ባስ» አልኩት። የት እንደማጠምድ አልጠየቀኝም። ከዳር ይሁን ከጀልባ አልጠየቀኝም። ውሃው ሣር ይኑረው ድንጋይ ይኑረው አልጠየቀኝም። ወፍራም ዘንግ፣ በአውራ ጣት እየገቱ የሚወረውሩበትን ቤይትካስተር የሚባል ሪል፣ ማለትም የክር መጠቅለያ፣ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው 20 የሚያምሩ የፕላስቲክ ዓሦች አሸክሞ ላከኝ። 430 ዶላር! በዚያ ወር ለእናቴ የምልክላትን ቀንሼ ነው የላክሁት። ይኼን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሪሉ በሁለተኛው ውርወራ ተተበተበ። ክሩን በመቀስ ቆራርጬ ነው ያወጣሁት። የሚያምሩትን ዓሦች ደግሞ የበርክ ሌክ ሐይቅ ግንድና ሣር አንድ በአንድ ወሰዳቸው። ሁለት በጋ ሙሉ ተመላለስኩ። አንድ ባስ አልያዝኩም።

በሦስተኛው ዓመት፣ እዚያው በርክ ሌክ ዳር፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አገኘሁ። አንድ ቀጭን ዘንግ ይዘዋል። ሳጥን የላቸውም፣ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ የፕላስቲክ ትል ያለበት ላስቲክ አለ፣ በቃ። እኔ ቆሜ እያየሁ በግማሽ ሰዓት ሦስት ባስ አውጥተው ሦስቱንም ወደ ውሃው መለሷቸው። ሄጄ ሰላም አልኳቸው። ዕቃዬን አዩት፣ አልሳቁም። ልብ በሉልኝ፣ አልሳቁም! የራሳቸውን ዘንግ ሰጡኝና «ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ።

ጨፈንኩ። ክሩን በጠቋሚ ጣቴ ላይ አስደገፉልኝ። ከዚያ የክሩን ጫፍ ይዘው ሣሩ ላይ ወደ 20 እርምጃ ራቁ። ቀስ ብለው ሳቡት፣ ክሩ እየላላ እየከበደ መጣ። «ይኼ ሣር ነው» አሉኝ። ጠጠር ላይ ጎተቱት፣ ጣቴ ላይ ኮረኮረኝ። «ይኼ ድንጋይ ነው።» የዛፍ ሥር ላይ አሳለፉት፣ ቆም ብሎ ከበደና ዘለል ብሎ ለቀቀ። «ይኼ እንጨት ነው።» ከዚያ ዝም አሉ። ብዙ ቆዩ። እኔ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ነኝ፣ ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ። በመጨረሻ ጣቴ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ አለኝ። «ባስ!» ብዬ ጮኽኩ። እሳቸውም ከዚያ ማዶ እጃቸውን አነሱ።

ያን ጠቅታ እኮ አውቀዋለሁ! ሐዋሳ ነው ያደግሁት። አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳዎቹ ሥር ቆመን፣ ዘንግ የሚባል ነገር ሳይኖረን፣ ክር እንጨት ላይ ጠቅልለን፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና የመሬት ትል፣ ክሩን ጣታችን ላይ አሳርፈን ቀረሶ እንጠብቅ ነበር። ቀረሶ ስትነካው በጣት ነበር የምናውቃት። አምባዛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው፣ ክሩን ይዞ ይነጉዳል። ለካ ጣቴ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ነገር 430 ዶላር ከፍዬ አደንዝዤው ኖሬያለሁ። በዚያ ወፍራም ዘንግና በዚያ ሪል የውሃው ወሬ እጄ ድረስ አይደርስም ነበር።

እዚህ የተቀመጣችሁት የዝዋይ ልጆች፣ የባሕር ዳር ልጆች፣ የአርባ ምንጭ ልጆች፣ እናንተም ይኼ ጣት አላችሁ። ያ ልጅም ምናልባት ነበረው። ሳንጠይቀው ነው ያባረርነው!

እሺ፣ ወደ ዕቃው። አዲሶች፣ ይኼን ብቻ ያዙ። ዘንጉ ስፒኒንግ የሚባለው፣ ሪሉ ከሥሩ የሚንጠለጠልበት ይሁን፣ ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ፣ ጥንካሬው ሚዲየም፣ ጫፉ ብቻ ቶሎ የሚታጠፍ። ጫፉ ለስላሳ ከሆነ ወሬ ያመጣል፣ ወገቡ ጠንካራ ከሆነ መንጠቆውን ይተክላል። ሪሉ 2500 የሚባለው መጠን። ክሩ 10 ፓውንድ የሚችል፣ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ዓይነት፣ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ጠቅታውንም በደንብ ያመጣል። ተራው ናይለን ሞኖም ይሆናል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ስለሚለጠጥ ጠቅታውን ያደበዝዝባችኋል። ብሬይድ የሚባለው የተጎነጎነው ክር ሣር ይቆርጣል፣ አይለጠጥም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለጀማሪ ግድ አይደለም።

ማባበያው የፕላስቲክ ትል ነው። ኒክ ክሪም የሚባል ሰው ከባለቤቱ ጋር በ1949 ኦሃዮ ውስጥ የሠራው ነገር ነው፣ እስከ ዛሬ ለባስ ከእሱ የተሻለ አላየሁም። አስተሳሰሩ ቴክሳስ ሪግ ይባላል። መጀመሪያ ጥይት የመሰለው የእርሳስ ክብደት ክሩ ላይ ይገባል፣ ሩብ አውንስ ወይም ከዚያ ያነሰ። ከሥሩ አንገቱ የታጠፈ መንጠቆ ይታሰራል፣ ቁጥሩ 3/0። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ ራስ አስገብታችሁ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ታወጡታላችሁ፣ ታዞሩታላችሁ፣ ከዚያ ጫፉን መልሳችሁ ትሉ ገላ ውስጥ ትደብቁታላችሁ። ጫፉ ስለተደበቀ ሣሩ መካከል ያልፋል። ፖሂክ ቤይ ውስጥ ደግሞ ሣር አለ። ሃይድሪላ የሚባለው ፖቶማክ ውስጥ በ1982 ከታየ ወዲህ ጀልባ ያለው ሁሉ ያማርርበታል፣ ባስ ግን ቤቱ አድርጎታል።

ወርውሩና ተዉት። አትሳቡት! ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እጁ ሥራ ካልያዘ ያጠመደ አይመስለውም። ትሉ እየሰጠመ ሳለ ነው ባስ ብዙ ጊዜ የሚወስደው፣ ስለዚህ ክሩን በዓይናችሁ ተከተሉ፣ ወደ ጎን ሄድ ካለ ወይም መስጠም ካለበት ቀድሞ ከላላ ተወስዷል። ታች ሲደርስ የዘንጉን ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ፣ የላላውን መጠቅለል፣ መጠበቅ። ጠቅ ሲል ዘንጉን ዝቅ አድርጋችሁ የላላውን ጠቅልሉና ባንዴ ወደ ላይ። ከዘገያችሁ ይውጠዋል፣ ሆዱ ውስጥ የገባ መንጠቆ ደግሞ ዓሣውን ይገድለዋል።

ሌላው አጭር ነው። ፖቶማክ እዚህ ድረስ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ። ውሃው ሲጎድል የሣሩን ጠርዝና የጅረቶቹን አፍ ፈልጉ፣ ትንንሾቹ ዓሦች እየተገፉ ሲወጡ ባሱ እዚያ ይጠብቃቸዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ጠዋትና ማታ ሣሩ ላይ የፕላስቲክ እንቁራሪት ወርውሩ።

አሁን ያለንበት ጊዜ ባስ እንቁላል የሚጥልበት ነው። ወንዱ ጎጆውን እየጠበቀ ዳር ላይ ቆሞ ታዩታላችሁ። እሱን ተዉት፣ ካወጣችሁት እንቁላሉን ሌላ ዓሣ ይበላዋል። የያዛችሁትን በእርጥብ እጅ፣ ታችኛውን ከንፈር ይዛችሁ፣ ሆዱን ደግፋችሁ፣ ቶሎ መልሱ። ሬይ ስኮት የሚባለው ሰው የባስ ውድድር ላይ ዓሣ በሕይወት የመመለስን ልማድ በ1972 ያስጀመረው ያለምክንያት አይደለም። የተቆረጠ ክር መሬት ላይ እንዳላይ፣ ወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል። ፈቃድ የሌለው ዛሬ ክር አይወርውር፣ መጥቶ ቡና ይጠጣ።

ጠረጴዛው ላይ እርሳስ፣ መንጠቆና ትል አስቀምጫለሁ፣ ለአዲሶቹ ነው፣ በነፃ። አንድ ዘንግ ብቻ የያዘ፣ ወይም ምንም ያልያዘ፣ ከንግግሬ በኋላ እዚያ ግንዱ አጠገብ ይምጣ። ዓይናችንን ታስጨፍነናለህ ወይ ብላችሁ እንዳታፍሩ፣ አዎ አስጨፍናለሁ። ልጆችም ይምጡ።

እና ያን ልጅ ሐሙስ ደውዬለት ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሥራ አለኝ አለኝ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። አውቶቡሱ እዚህ ስለማይደርስ አንዳችን ሄደን ከፍራንኮኒያ ባቡር ጣቢያ ማምጣት አለብን፣ ለ4 ሰዓት ነው የተቀጣጠርነው። ማን ይሄዳል? እጅ አሳዩኝ። ያን ዕለት የሳቃችሁት ብትሆኑ እመርጣለሁ።