የአርባ ቀን ዕድልና ያልተሞላው ፎርም

እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላዬ ድምፅ ብትሰሙ ይቅርታ። ሰፈሩ መብራት የለም፣ ከታች ያለው ሱቅ ጀነሬተር አስነስቷል። የምቀዳው በስልኬ ነው፣ ባትሪው 41 በመቶ ቀርቶታል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እናውራ።

መብራት ሲጠፋ አንድ ጥቅም አለው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳችን ወደ ሰሜን ያያል። ሰፈሩ ጭልም ሲል ሰማዩ ብቅ ይላል። አዲስ አበባ እየኖሩ ሰማይ መኖሩን መርሳት ይቻላል፣ እውነቴን ነው። ቅድም እዚያ ቆሜ አንዲት ደብዘዝ ያለች ነገር ስፈልግ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ ብታዩ ጉም የመሰለች ጠብታ አለች። ኮከብ አይደለችም። አንድሮሜዳ ትባላለች፤ ራሷን የቻለች ጋላክሲ ናት። ዛሬ ዓይኔ ውስጥ የገባው ብርሃኗ ከዚያ የተነሳው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ ከሞተች በጣም ቆይቶ፣ እንደኛ ያለ ሰው ግን ገና ሳይኖር። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ያረፈው ልብስ ማስጫ ገመድ ሥር በቆመ ሰው ዓይን ላይ ነው። [ሳቅ]

እማዬ ከውስጥ «ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«ኮከብ» አልኳት።

«እና ኮከብህን አገኘኸው?»

ለእሷ ይሄ ቀልድ አይደለም። እማዬ ባደገችበት አገር ሰው ሁሉ ኮከብ አለው። ደብተራው ስምህንና የእናትህን ስም በቁጥር ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል፣ ማለትም 12 12 እያለ ያወጣል፣ የተረፈው ኮከብህን ይነግረዋል። የእናት ስም እንደሚገባበት ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ትዳር ሲፈርስም «ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል። እንደዚያ ለሚያስብ ሰው ሰማዩ የራሱ ቤት ነው። የሆነ ጥግ ላይ ለእሱ የበራ መብራት አለ። እኔ ደግሞ የማውቀው በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ብቻ ቢያንስ 100 ቢሊዮን ኮከብ እንዳለ ነው። አንዱም ስሜን አያውቀውም።

ስለዚህ ነገር ብዙ ያወሩ ፈላስፎች አሉ። ኤግዚስቴንሻሊስቶች ይባላሉ። ቃሉ ረዘመ ብላችሁ አትፍሩት። ዣን ፖል ሳርትር የሚባለው ፈረንሳዊ በጥቅምት 1945 እንደ ፈረንጆቹ፣ ጦርነቱ ባለቀ በወራት ውስጥ፣ ፓሪስ ላይ ሕዝብ በተጨናነቀበት አዳራሽ ንግግር አደረገ። እዚያ የሰጠው ምሳሌ የወረቀት መቁረጫ ነው። እኔ በጀበና ልቀይረው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ከመንካቷ በፊት ጀበና ለምን እንደሚያገለግል ታውቃለች። ቡናው ቀድሞ ልቧ ውስጥ አለ፣ ጀበናው ኋላ ይመጣል። ሰው ግን በተቃራኒው ነው አለ ሳርትር። መጀመሪያ ትኖራለህ፣ ምን እንደሆንክ ኋላ በምታደርገው ነገር ይወጣል። ምክንያቱም ለእሱ ሸክላ ሠሪ የለም። እዚህ ላይ እኔና እሱ እንለያያለን፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ግን ከእሱ መቶ ዓመት በፊት የነበረው ዴንማርካዊው ኪርክጎርም አማኝ ነበር። እሱም ቢሆን ማንም ስለ አንተ አያምንልህም፣ ብቻህን እግዚአብሔር ፊት ትቆማለህ ነው የሚለው። ስለዚህ ማመን ከዚህ ጥያቄ አያስመልጥም።

እኔን የገረመኝ አማርኛችን ነው። አማርኛ በዚህ ክርክር ሁለቱንም ወገን ይዟል። በአንድ በኩል «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» እንላለን። ጀበናው ገና ጭቃ ሳለ ተወስኖለታል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅ ሲያስቸግር «ኧረ ሰው ሁን!» እንለዋለን። ቆም ብላችሁ አስቡት እስቲ። ልጁ ሰው ነው እኮ! ውሻን «ውሻ ሁን» የሚል አለ? ሰውን ግን ገና እንዳልሆነ፣ መሆን እንዳለበት፣ ሊቀርበትም እንደሚችል አድርገን እንናገረዋለን። አያቴ ሳርትርን ሳታውቅ ስትለኝ ያደግሁት ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዲቪ ደረሰኝ። ኢንተርኔት ቤት ሆኜ ነው ያየሁት፤ አጠገቤ የነበረው የማላውቀው ልጅ ተነስቶ አቀፈኝ። ማታውን ዘመድ ሁሉ ሰማ። «ዕድልህ ነው!» ያላለኝ ሰው የለም። እማዬ ያኔ ስኳርና ደም ግፊት ነበረባት፣ አሁንም አለባት። አባቴ የለም። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ብሄድ ዶላር እልካለሁ፣ መድኃኒቱን ግን ማን ያስታውሳታል? ብቀር ደግሞ ምን ሠርቼ ነው የማሳክማት?

ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። አጎቴን ጠየቅሁ። ጓደኞቼን ተራ በተራ ሻይ ጋበዝኳቸው። ፎርሙ ግን ሳይሞላ ቆየ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከበዓል በኋላ። መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም. የዲቪው ጊዜ ተዘጋ። አልሄድኩም። ግን አልሄድም ብዬም አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ነው የሳርትርን ንግግር ያነበብኩት። እዚያ ውስጥ አንድ ተማሪ አለ። ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙበት ጊዜ ምክር ሊጠይቀው የመጣ ልጅ ነው። ወንድሙን በ1940 ጀርመኖች ገድለውበታል። አባቱ ከእናቱ ጋር ተጣልቷል፣ ወደ ጠላትም ያዘነበለ ሰው ነው። እናትየው የቀራት እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከነፃ ፈረንሳይ ጦር ጋር መዋጋት ይፈልጋል። ልሂድ ወይስ ከእናቴ ጋር ልቅር? መጽሐፉን ዘግቼ ውኃ ጠጣሁ። እኔ ጦርነት አልነበረብኝም፣ ግን ጥያቄው የእኔው ነው።

ሳርትር ምን እንደመለሰለት ታውቃላችሁ? ነፃ ነህ፣ ምረጥ። አለቀ። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ይሄ ምክር ነው እንዴ? የእኛ ሽማግሌ ቢያንስ ቡና አስፈልቶ ነው እንደዚህ የሚልህ። [ሳቅ] ከዚያ ግን የሚለው ነገር ነው የያዘኝ። አማካሪህን ስትመርጥ የምትሰማውን ምክርም መርጠሃል ይላል። ቄስ ዘንድ የሄደ ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚጠብቀው በልቡ ያውቃል። እውነት ነው። የንስሐ አባቴ «እናትና አባትህን አክብር» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። አጎቴም ሂድ እንደማይለኝ አውቅ ነበር። አሜሪካ ያለው ጓደኛዬ «ና፣ እኔ እቀበልሃለሁ» እንደሚለኝ ስለማውቅ አልደወልኩለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የነገርኩት።

ደግሞ ይሉኝታ አለ። ሳርትር በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሰው ምሳሌ አለው። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲሰማ ያን ጊዜ ያፍራል። ኧረ እኛ አገር ኮቴም አያስፈልግም። «እናቱን ጥሎ ሄደ» የሚል ሰው ገና ሳይወለድ እኔ አፍሬ ጨርሻለሁ።

አሁን ወደ አንድሮሜዳ ልመልሳችሁ። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። እርግጥ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ዛሬ ካርታ ላይ ያለችውን ማለታቸው አይደለም። እናቷ ካሲዮፔያ ስለ ውበት ጉራ ነዛች፣ የባሕር አምላክ ተቆጣ፣ ቅጣቱ ልጅቱ ላይ ወደቀ። ባሕር ዳርቻ ዐለት ላይ በሰንሰለት ታሰረች። ይሄን ተረት እንዴት እንደወደድኩት አትጠይቁኝ! በእናቱ ምክንያት የታሰረ ልጅ። ሰማዩ ላይ ሳይቀር ታሪኬ ተጽፎልኛል። የእናት ስም ገብቶበት የተቆጠረ ኮከብ።

ባለፈው ዓመት እንግዳ ቤት መጥቶ ስለ ዲቪዬ ተነሳ። እንደተለመደው «እማዬን ትቼ የት እሄዳለሁ ብዬ ነው» አልኩ። እንግዳው «ተባረክ» አለኝ። ሲወጣ እማዬ ስኒ እያነሳች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እኔ ነኝ እንዴ ያስቀረሁህ?» አለችኝ። «ለትኬትህ ብዬ እኮ ዕቁቡን ቀድሜ ልውሰድ ብዬ ዳኛውን ለምኜ ነበር። አንተ ነህ የፈራኸው ልጄ።»

ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ማኩረፌን ልብ ያለችም አይመስለኝም።

አስር ዓመት ገደማ መስዋዕትነት እያልኩ የያዝኩት ነገር ፍርሃት ነበር። ሳርትር ለዚህ ስም አለው፣ እኔ በአማርኛ ራስን መሸወድ ብዬዋለሁ። አሁን ሰው «ለምን አልሄድክም?» ሲለኝ «ፈርቼ ነው» እላለሁ። የሚገርመው ወሬው እዚያው ያልቃል። ተባረክ የሚለኝም የለም።

ባትሪው 19 ደርሷል። ስለ ካሙ ሳልናገር ግን አልጨርስም፣ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። አልቤር ካሙ አልጄሪያ በ1913 ተወለደ። አባቱ በዓመቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተ። እናቱ ማንበብ አትችልም፣ ጆሮዋም በደንብ አይሰማም፣ ብዙም አታወራም። ሰው ቤት እያጸዳች አሳደገችው። ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ ነው እንግዲህ ስለ ዓለም ዝምታ የጻፈው። ሰው ይጠይቃል፣ ዓለም አይመልስም። ግራ የሚያጋባው ነገር ያለው እኛ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ሰማዩ ውስጥም ብቻ አይደለም። ሁለታችን ስንገናኝ ነው የሚፈጠረው። እኔ እንደሚመስለኝ ካሙ ይሄን ከመጽሐፍ በፊት ከእናቱ ጋር ራት ሲበላ ያውቀው ነበር። ዝም የሚል ሁሉ የጠላህ እንዳልሆነ ልጅ ሆኖ ያውቃል።

በ1942 ስለ ሲሲፈስ ጻፈ። ድንጋይ ወደ ተራራ እየገፋ ሲያወጣ፣ ሲንከባለልበት፣ እንደገና ሲያወጣ ለዘላለም የሚኖረው ሰው ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ከምድር ወለል አያልፍም። ሊፍት የለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማችሁ አራተኛ ፎቅ ውጡና ስለ ሲሲፈስ እናውራ። ካሙ ሲሲፈስን ደስተኛ ነው ብለን እንድናስበው ይፈልጋል። እኔ ጀሪካን ይዞ ደስ ያለው ሰው አላየሁም። ካሙን ይበልጥ የሳበው ግን ሰውየው ድንጋዩን ተከትሎ ባዶ እጁን ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ያስባል። እኛም ጋ ወሬ የሚጀመረው ሲወረድ ነው። ቀን ሰላም የማይለኝ ጎረቤት ሌሊት ስምንት ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባዶ ጀሪካን ይዞ ስለ ልጁ ትምህርት ያወራኛል።

ቆይ... ይሰማችኋል? ጀነሬተሩ አይደለም፣ ከታች ነው። ውኃ መጥቷል። እማዬም ሰምታለች፣ ባልዲ እያንኳኳች ነው። ሦስት ባዶ ጀሪካን አለኝ። ልውረድ።