ሐዲዱ የማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ፣ የድሬ ልጆች! ልጆቻችሁ የሠሩትን ለማየት የመጣችሁ እናቶችና አባቶችም ኑሩልን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዩኒቲ ነው። አብዛኞቻችሁ የመጀመሪያ ጌማችሁን የሠራችሁበት ኢንጂን ነው። ለወላጆች ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳስ ሲወድቅ እንዴት ይነጥራል? ጥላው ወዴት ይዞራል? ልጆቹ ይሄን ሁሉ ከዜሮ አይጽፉትም። ተሠርቶ የተቀመጠ አለ፤ ኢንጂን የምንለው እሱን ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራ። በ2004 ኮፐንሃገን ውስጥ ሦስት ወጣቶች አንድ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ዴቪድ ሄልጋሰን፣ ኒኮላስ ፍራንሲስና ዮአኪም አንቴ። ሐሳባቸው ጌም መሸጥ ነበር። ጉቦል የሚባል ጌም አወጡ፤ ገበያ አላገኘም። ግን ጌሙን ለመሥራት ያበጁት መሣሪያ እጃቸው ላይ ቀረ። በ2005 እሱን ራሱን ዩኒቲ ብለው ለሌሎች አቀረቡት። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይሄን ቦታ እወደዋለሁ። በ2009 ደግሞ ነጻ የሚሠራበት አማራጭ መጣ። ገንዘብ ለሌለው ልጅ በር የተከፈተው ያኔ ነው።

ኩባንያው አደገ፤ በ2020 ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ። መስከረም 2023 ላይ አዲስ ክፍያ አወጀ። ገቢውና የሚጫንበት ብዛት ከተወሰነ መጠን ያለፈ ጌም፣ አንድ ሰው በጫነው ቁጥር ይከፈልበታል፤ በነጻው አማራጭ ለሚሠራ 20 ሳንቲም ዶላር። ሰውን ያንገበገበው ግን ብሩ ብቻ አልነበረም። ጌማቸውን ድሮ ያወጡ ሰዎችንም ሕጉ ከኋላ መጣባቸው። ቁጣው በረታ። በወሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆን ሪቺቴሎ ለቀቁ። ክፍያው ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው ከዓመት በኋላ ነው፤ መስከረም 2024።

ይሄን ለድሬ ሰው ማስረዳት አይከብደኝም። ከተማችንን የወለዳት ሐዲድ ነው። በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ ደረሰ። ከዚያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀና ሥራው ቆመ። አዲስ አበባ እስኪገባ 1917 ሆነ። የባቡር ኩባንያውን ሰፈር፣ ከዚራን፣ የሚያውቅ ሁሉ ሐዲዱ የማን እንደሆነ መጠየቅን ያውቃል። ኢንጂንም ለጌማችሁ ሐዲድ ነው።

ዩኒቲን ጣሉ አልላችሁም፤ እኔም እሠራበታለሁ። ግን ውሉን አንብቡ፤ የቱ ቨርዥን በየትኛው ውል እንደሚተዳደር እወቁ። ሁለት አርጀንቲናውያን፣ ሁዋን ሊኒትስኪና አሪየል ማንዙር፣ በ2014 ኮዱን ለሁሉም የለቀቁት ጎዶት የሚባል ኢንጂንም አለ። ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊቀይረው ይችላል፤ ክፍያ የለውም። መስኮቱ ጋ ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ጭነነዋል። ከሻይ በኋላ መሞከር የምትፈልጉ እዚያው እጠብቃችኋለሁ።